ኢኢጂው «ንጹህ ነው» ስላለ ነገሩ አላለቀም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር። በስልክ ረጅም ነገር መጻፍ ስለማይሆንልኝ ነው ዛሬ የመለስኩልሽ።

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ታናሽ እህቷ 24 ዓመቷ ነው። ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ በወር ሁለት ሦስቴ ትወድቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ሐኪም «የሚጥል በሽታ ነው» ብለው መድኃኒት አስጀመሯት። ከዚያ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሣች፣ ንጹህ ወጣ። ሌላ ሐኪም ወረቀቱን አይተው «ጭንቀት ነው» አሏት። ቤት ውስጥ ግማሹ ጸበል ይላል፣ ግማሹ «ሆን ብላ ነው» ይላል። እና «ማንን እንመን? የነርቭ ሐኪም ጋ እንሂድ ወይስ የአእምሮ?» ነው ጥያቄዋ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድም አለኝ፤ እሱን ይዤ ለዓመታት የነርቭ ክፍሉንም የአእምሮ ሕክምናውንም ደጅ ስጠና ነው የኖርኩት። የምነግርሽ እዚያ ያየሁትን፣ ሐኪሞች ያስረዱኝንና ያነበብኩትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ኢኢጂው። ኢኢጂ የሚመዘግበው የአንጎልን ኤሌክትሪክ በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። እህትሽ ደግሞ የምትወድቀው በወር ሁለት ሦስቴ ነው። ሌባ ሌሊት የሚመላለስበትን ግቢ ቀን ገብቶ አይቶ «ሌባ የለም» እንደማለት ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እንኳ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ኢኢጂ ምንም ላይታይባቸው ይችላል። ሲደገም፣ በተለይ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው አድረው ጠዋት ኢኢጂውን ሲነሡ፣ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። ተቃራኒውም አለ፦ በሕይወቱ ወድቆ የማያውቅ ሰው ወረቀቱ ላይ አንዳንድ ነገር ሊወጣበት ይችላል። የአንጎሉን ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይም ቢሆን ያው ነው፣ ብዙ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ኤምአርአዩ ምንም አያሳይም።

ስለዚህ «ኢኢጂው ንጹህ ስለሆነ ጭንቀት ነው» የሚለው ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ሐኪሙ ሌላ ነገር አይተው ከሆነ ጥሩ። ወረቀቱን ብቻ አይተው ከሆነ ግን አልበቃም። ጭንቀት ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚለጠፍ ስም መሆን የለበትም፣ የራሱ ምልክት አለው።

ታዲያ በምንድነው የሚታወቀው? ባብዛኛው በወሬ። እውነቴን ነው። በሽተኛው ሲወድቅ ራሱን ስለማያውቅ ምን እንደሆነ ሊነግርሽ አይችልም፣ ያየ ሰው ነው መናገር ያለበት። ያየው ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ደንግጧል። ወንድሜን የሚያዩት የነርቭ ሐኪም ኤምአርአዩን ገና ሳይከፍቱት እናቴን «እማማ፣ ሲደርሱ ዓይኑ ተገልጦ ነበር ወይስ ተጨፍኖ?» ብለው ጠየቋት። «ኧረ ልጄ፣ ማን ዓይን አየ! ስሙን እየጠራሁ ሳለቅስ ነው እንጂ» አለች። እሳቸው ሳቅ አሉና «በሚቀጥለው ቅረጹልኝ» አሉ። ያንን ቀጠሮ ሁሌ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በፊት ይህን ያለን ሰው አልነበረም፣ ስልኩ ግን ሁሌም ኪሳችን ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቪዲዮ። ሲጥላት አንድ ሰው እሷን ይያዝ፣ ሌላው ይቅረጽ። ፊቷና መላ አካሏ ይታይ፣ ከተነሣች በኋላም ጥቂት ደቂቃ ቀጥሉ። ሐኪሙ የሚያዩት ምን መሰለሽ? በሚጥል በሽታ ብዙውን ጊዜ ዓይን ክፍት ነው፣ መንቀጥቀጡ ወጥ ነው፣ በአንድ ወይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያበቃል፣ ከዚያ ከባድ ማንኮራፋትና ግራ መጋባት ይመጣል። ምላስ ከተነከሰ ጎኑ ላይ ነው። ከአንጎል ኤሌክትሪክ ባልመጣው፣ «ጭንቀት» በሚሉት ዓይነት ደግሞ ዓይን ጥብቅ ብሎ ይጨፈናል፣ ጭንቅላት ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ እጅና እግር ለየብቻው ይሄዳል፣ መለስ ይልና እንደገና ይጀምራል፣ ረጅም ደቂቃም ይቆያል። ሽንት ማምለጡና መጎዳቱ ግን በሁለቱም አለ፣ በሱ አትፍረዱ። ደግሞ አንዷን ምልክት ብቻ ይዛችሁ ቤት ውስጥ ዳኛ እንዳትሆኑ! ሐኪሞቹም በድምሩ ነው የሚያዩት። ቁርጡን የሚለየው ሰውየው ሲጥለው ኢኢጂና ቪዲዮ አብሮ ሲቀዳ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ ልብ አይገኝም።

ሌላም አለ። ዝም ብሎ ራስን መሳትም ለጥቂት ሰከንድ ያንቀጠቅጣል። የልብ ምት መዛባትና የስኳር ማነስም እንዲሁ። የልብ ምርመራው ኢሲጂና የደም ስኳር ርካሽ ነው፣ አላሠራችሁ ከሆነ ይሠራላት።

አሁን ወደ «ሆን ብላ ነው» ልምጣ፣ ምክንያቱም ይቺን ሳነብ ነው ደሜ የፈላው። ሐኪሞቹ አንዳንዴ «ኮንቨርዥን» የሚሉት ነገር አለ። ከአንጎል ኤሌክትሪክ ያልመጣ፣ ግን ሰውየው የማያዝዘው መውደቅ ነው። ማስመሰል አይደለም። ወለል ላይ ተከስክሶ ጥርሱ የሚሰበር ሰው አስመስሎ ነው ትያለሽ? ሕክምና አለው፤ ሕክምናው ግን የሚጥል በሽታ ኪኒን ሳይሆን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምና ነው። ባደጉት አገሮች እንኳ ይህ ሁኔታ እስኪለይ በአማካይ 7 ዓመት ያህል እንደሚወስድ የታየበት ጥናት አለ፣ እስከዚያ ሰዎቹ የማይሠራላቸውን መድኃኒት ይውጣሉ። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉም እወቂ። እና ሁለቱ ሐኪሞችሽ ሁለቱም በከፊል ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

አረብ አገር የሚለው ነገር ትልቅ ነው፣ ግን ወዴት እንደሚጠቁም አትቸኩሉ። እዚያ የደረሰባትን ክፉ ነገር ሰውነቷ በመውደቅ እያወጣው ሊሆን ይችላል። በዚያው ልክ ደግሞ ጭንቅላቷን ተመትታ ከሆነ፣ ከደረጃ ወድቃ ከሆነ፣ ያ ጠባሳ ራሱ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አንድ ታሪክ፣ ሁለት መንገድ። ይህን ማወቅ የሚቻለው እሷን ጠይቆ ነው፣ እሷ ደግሞ አባትና ወንድም ባሉበት ክፍል አትናገርም። እኛ አገር ሐኪሙ በሽተኛዋን ሲጠይቅ የሚመልሰው አስታማሚው ነው። «ምን ይሰማሻል?» ሲባል እናት ቀድማ «አትበላም፣ አትተኛም» ትላለች። ሐኪሙን «ለብቻዋ ያነጋግሯት» በይ፣ ሴት ሐኪም ከተገኘች ደግሞ ይሻላል። እሷም ቢሆን «ከፍቶኛል» ላትል ትችላለች፤ «ራሴን ይወጋኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል» ነው የምትለው። ተራ በሚበዛበት ክሊኒክ ይህን የሰማ ሐኪም ማስታገሻ ጽፎ ይሸኛል።

ከነርቭና ከአእምሮ ሐኪም መካከል የትኛው ጋ እንሂድ ላልሽው የወንድሜን ልንገርሽ። አንድ ሰሞን ደጋግሞ ጣለው። ከዚያ ተሻለው፣ አንድ ቀን ሙሉ ደህና ሆኖ ዋለ፣ ቡና ሁሉ አብሮን ጠጣ። በማግስቱ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጎረቤት በግድግዳ እየሰማን ነው ይላል፣ መስኮት በጋዜጣ ይሸፍናል። ሰፈሩ «አበደ» አለ። ወደ አእምሮ ሕክምና ተወሰደ፣ አዲስ ካርድ ወጣለት፣ ክሎርፕሮማዚን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ታዘዘለት። ያን ካርድ የጻፉት ባለሙያ ስለ መውደቁ አልጠየቁም፣ የነርቭ ካርዱ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ መውደቁን የሚያባብስ ዓይነት ነው። እንደገና ይጥለው ጀመር። በኋላ ሁለቱን ካርድ ፎቶ አንሥተን የነርቭ ሐኪሙ ፊት ስናስቀምጥ ነው እሳቸው «ይኼ እኮ የታወቀ ነገር ነው፤ ተደጋግሞ ከጣለ በኋላ ከአንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ የሚመጣ መታወክ ነው፣ በሽታው አንድ ነው» ያሉን። መድኃኒቱ ተቀየረ፣ የሚጥል በሽታው መድኃኒት መጠን ተስተካከለ፣ ጋዜጣውም ከመስኮቱ ወረደ።

ሐኪሞቹ ላይ አልፈርድም። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ የነርቭ ደግሞ በ2006። ትናንት ማለት ነው። ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ቡታጅራ አካባቢ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በተሠራው ጥናት ከ1000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ይህን ወደ አገሩ ሕዝብ ብታባዢው ሐኪሙ ለአንድ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚተርፈው ይገባሻል። ለዚህ ነው ካርዱን እናንተ ተሸካሚ ሁኑ የምለው። አንድ ደብተር ያዙ፦ የጣለበት ቀን፣ ሰዓት፣ ተኝታ ነበር ወይስ ነቅታ፣ ስንት ደቂቃ፣ የወር አበባ ላይ ነበረች ወይ፣ መድኃኒት ዘላ ነበር ወይ። የምትወስደውን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። የነርቭ ሐኪም ካገኛችሁ ከዚያ ጀምሩ፣ ጥቁር አንበሳ ወረፋው ቢረዝምም ሪፈር አጽፉ፤ እሳቸው ወደ አእምሮ ሐኪም ቢልኳት ደግሞ «አባረሩን» አትበሉ፣ ሂዱ።

መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ! «ጭንቀት ነው ተብሏል» ብላችሁም፣ ጸበል ገብታለች ብላችሁም። በተለይ የጀመረችው ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ፣ በድንገት ሲቆም ሳያባራ ሊጥላት ይችላል፣ እሱ ይገድላል። ሐኪም ካለ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ጸበሉ ይቀጥል፣ ማን ከለከለ፤ ኪኒኑን ይዛ ትሂድ፣ ገደልና ጥልቅ ውኃ አጠገብ ብቻዋን አትሁን። ፌኖባርቢታል ራሱ አንዳንዱን ሰው ያደነዝዛል፣ ስሜት ይጥላል፤ «ጭንቀት» የተባለው ከመድኃኒቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ቀኑን ለሐኪሙ ንገሪ። በክንድ የሚቀበር ወይም የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ካላት ደግሞ ይህ መድኃኒት ኃይሉን ይቀንስበታል፣ ለብቻዋ ጠይቂያት። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ከሆነም ቫልፕሮየት የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ይነገር፣ ጽንሱን ይጎዳል።

ሲጥላት በጎኗ አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ልስልስ ያለ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አፏ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽቷት፣ አፍንጫው የተቃጠለ ልጅ ወረፋ ላይ አይቻለሁ። ምድጃና የቡና ከሰል አጠገብ ለብቻዋ አትቀመጥ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ቪዲዮውን ደግሞ ለሐኪሙ ብቻ አሳዩ። ቀድማችሁም ፈቃዷን ጠይቋት። እዚህ ግሩፕ ላይ ለጥፈሽ «ምንድነው?» እንዳትይ፣ ነገ ሥራ ስትፈልግ ወይ ስትዳር ፊቷ ያለበት ነገር በየስልኩ ሲዞር ማየት አትፈልጊም። ኮሜንት ላይ የጠየቃችሁኝን ማታ እመልሳለሁ።