ቦይለሩን ከመውቀስዎ በፊት

የቤት ውስጥ ጥገና፦ ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ገብቶ ብርዱ ሲጠና ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ የቦይለር ይሆናል። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ጠያቂ ደብዳቤውን የሚዘጋው «ሬዚስታንሱን ላስቀይር ወይስ አዲስ ልግዛ?» ብሎ ነው፤ ሬዚስታንስ የሚሉት ውሃውን የሚያሞቀውን የውስጥ ዘንግ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሿ የነሐስ ቫልቭ በቦታዋ አለች? የመሬት ሽቦስ አለው? ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ርካሽ ስለሆኑም ይመስለኛል ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው።

*

«ጋሼ፣ የምኖረው ገርጂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው። 50 ሊትር ቦይለር አለን። በተገጠመ ሰሞን ከሥሩ ያለችው ቫልቭ ውሃ ስታንጠባጥብ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። እሱም ‹ይቺ ተበላሽታለች፣ ደግሞም አታስፈልግም› ብሎ አወጣትና በፍሌክሲብል በቀጥታ አገናኘው። ማንጠባጠቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ግን ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ አስቀየርን፣ ወር ሳይሞላው ደግሞ ተቃጠለ። ሻጩ ‹መብራቱ ነው› ይለኛል። እውነት መብራቱ ነው?»
ተከራይዋ፣ ከገርጂ

አይደለም ልጄ። በመብራቱ ስንት ነገር እናማርራለን፣ በዚህኛው ግን ንጹሕ ነው። ሬዚስታንስሽ የተቃጠለው ውሃ ሳይኖር በደረቁ ነው።

ያቺ ቫልቭ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው፣ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ17 ዲግሪ ወደ 65 ሲደርስ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭማሪ ያመጣል፤ ቧንቧ ካልተከፈተ ያ ጭማሪ የሚወጣበት ይፈልጋል። ስለዚህ በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቷ ሥራዋን መሥራቷ ነው። ያ ሠራተኛ «ተበላሽታለች» ያላት ጤነኛዋን ነው።

ሁለተኛውን ሥራዋን አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ውስጧ ያለው ትንሽ መዝጊያ ቦይለሩ ውስጥ የገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዳል። እናንተ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃው ሲሄድ መስመሩ ባዶ ይሆናል። አንቺ ሦስተኛ ፎቅ ላይ «መጣ እንዴ?» ብለሽ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ትከፍቺያለሽ፤ በዚያ በኩል አየር ይገባል። ታች ግቢ ደግሞ አንዱ ባልዲውን ደቅኖ ቧንቧ ከፍቷል። የቦይለርሽ ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ቁልቁል ወርዶ እሱ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኝ ሳይገርመው አልቀረም! ብሬከሩ ካልጠፋ ሬዚስታንሱ ባዶ ጋን ውስጥ እየጋለ ይቀራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰነጠቃል።

አሁን የምታደርጊው እንዲህ ነው። ከዋናው ቦርድ ላይ ብሬከሩን አጥፊ። አዲስ ሴፍቲ ቫልቭ ግዢ፤ አብዛኛውን ጊዜ 8 ባር ወይም 0.8 ሜጋፓስካል የሚል ተጽፎባታል። ፊቷ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ ማየት አለበት። የምትገባው ሰማያዊ ቀለበት ባለበት፣ በቀዝቃዛው በኩል ነው። ቴፍሎን በደንብ ይጠቅለልላት። የምታንጠባጥብበት አፍ በምንም ዓይነት አይደፈን፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰክተሽ ወደ መታጠቢያው ፍሳሽ ማውረድ ነው። ወር በወር ማንሻዋን አንሥተሽ ትንሽ ውሃ አስፈሽባት፤ አሸዋና ዝገት ይዟት እንዳትደርቅ። ቦይለሩ ቀዝቅዞም ሳታቋርጥ የምታንጠባጥብ ከሆነ ግን ወይ ቆሻሻ ይዟታል፣ ወይ የፎቁ ፓምፕ ግፊት በዝቷል። ያኔ ግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል።

ሬዚስታንሱን ደግሞ ሳታስለኪ አትግዢ። በደረቁ የጋለ ቦይለር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠፋው ሙቀቱን በሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይ ያለው የአደጋ መቁረጫ ነው። ብሬከሩ እንደጠፋ የታችኛው ክዳን ሲፈታ ትንሽ ቀይ ነጥብ የምትመስል መጫኛ ትታያለች። ተጭነሻት ‹ቀጭ› ካለች ቦይለሩ የሞተ መስሎ ነው እንጂ አልሞተም ማለት ነው። እሷ ካልመለሰችው ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር አስለኪ። 1500 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ ወደ 32 ኦም፣ 2000 ዋት የሆነው ወደ 24 ኦም ማሳየት አለበት። ሜትሩ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ብሬከሩን ለማብራት አትቸኩዪ። መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቺና መንጫረሩን ትቶ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ጠብቂ። ጋኑ ሞላ የሚባለው ያኔ ነው። ውሃ በሄደ ቁጥርም መጀመሪያ የሚጠፋው ብሬከሩ ይሁን። ለቤቱ ባለቤት ንገሪው፤ ቫልቯን ያወጣውን ሠራተኛ ግን ደግመሽ አትጥሪው።

*

«ቤታችን ሽሮ ሜዳ ያለ የድሮ ቤት ነው። አምና የዛጉትን የብረት ቧንቧዎች አስነቅለን በፒፒአር አስቀየርን። ከዚያ በኋላ ሻወር ልከፍት ስል እጄን ይነዝረኛል። ባለቤቴ ‹ጫማ አድርገሽ ታጠቢ› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሽሮ ሜዳ

ይህች ደብዳቤ ወረፋ አልጠበቀችም። እንደ ደረሰችን ለጸሐፊዋ ስልክ ተደውሎ ብሬከሩን እንዲያጠፉ ተነግሯቸዋል። እዚህ የማወጣት እንደሳቸው የሚነዘር ግን ያልጻፈልን ሰው ስለማይጠፋ ነው።

እመቤቴ፣ የባለቤትዎን ምክር ለዚህች ብቻ አይስሙ። ጫማው ሲርስ አያድንም፤ ልጆቹም ጫማ አያደርጉም።

ቧንቧው ሲቀየር የመጣው ነገር በአጋጣሚ አይደለም። የሬዚስታንሱ መዳብ ልባስ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ውሃ ይጠጣና ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ ጋኑ ይፈሳል። የቤትዎ ሬዚስታንስ ምናልባት ከዱሮም ያፈስ ነበር። የብረቱ ቧንቧ ግን መሬት ውስጥ የተቀበረ ስለነበር የሚያፈሰውን ወስዶ መሬት ይከተው ነበር። ሳይታወቅ አርዝ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ ሆኖ ኖሯል። ፒፒአር ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አሁን ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ የእርስዎ እጅ ሆኗል።

የሚጠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ አይበቃም። ሦስት ነገር ይሥራልዎ። ሬዚስታንሱን ከነጎማው ይቀይር። መሬት ውስጥ የአርዝ ዘንግ ቀብሮ ሽቦውን ቦይለሩ አካል ላይ ባለው ብሎን ይሠር። ከዚያ ቦርዱ ላይ 30 ሚሊአምፔር የሆነ ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ያስገባ፤ ይህኛው ከተራው ብሬከር የሚለየው ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው ነው። የቦይለሩ ማጥፊያም ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ፌዝንም የሚመልሰውን ኒውትራልንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ ይሁን። በስንቱ ቤት ፌዝና ኒውትራል ተገላብጦ ገብቶ «አጥፍቼዋለሁ» የተባለው ቦይለር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ብቻ እንዳያደርግልዎ። «አርዝ የለም፣ ከኒውትራሉ ጋር ላገናኘው» የሚሉ አሉ። ፈጽሞ አይሆንም። ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን በንፋስ ቢበጠስ ጋኑ፣ ቧንቧውና ሻወሩ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናሉ። ሥራው ሲያልቅ ቴስተር ካቻቪቴውን ሻወሩ ላይ አስነክተው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። መብራቷ ጭል እንኳ ካለች ገንዘቡን አይክፈሉ።

*

«ቦይለር ቀኑን ሙሉ በርቶ ቢውል ይሻላል ወይስ ሲፈለግ ማብራት?»
ቆጣሪ ያስጨነቀው፣ ከሰሚት

ሲፈለግ። 50 ሊትሩ በ1500 ዋት ከቀዝቃዛ ተነሥቶ 65 ዲግሪ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ 80 ሊትሩ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ጠዋት 1 ሰዓት የሚታጠብ ሰው 11 ሰዓት ላይ ያብራ። በርቶ ሲውል የሚበላው ማንም ሳይጠቀምበት የሚቀዘቅዘውን ለመተካት ነው።

*

«አቃቂ ነው ያለሁት። ቦይለሬ ሲሞቅ ፈንዲሻ የሚፈነዳበት ድስት ይመስል ይንጣጣል። ለመሞቅም ከበፊቱ ይዘገያል። ሊፈነዳ ነው?»
ጡረተኛ፣ ከአቃቂ

አይፈነዳም፣ ጋሼ፤ ታመመ እንጂ። ችግሩ ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ለስላሳ ሲሆን፣ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ግን ከድንጋይ ውስጥ ስለሚወጣ ማዕድን ይበዛበታል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ ያው ነው። ቅርፊቱ የሚጋገረው ከሁሉ በፊት በጣም በሚሞቀው ቦታ፣ ሬዚስታንሱ ላይ ነው። ከሥሩ የተያዘው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሲያመልጥ ነው የሚንጣጣው።

ብሬከሩ ይጥፋ፣ መግቢያው ይዘጋ፣ ውሃው በቫልቯ ማንሻ ይፍሰስ። ሬዚስታንሱ ወጥቶ አቼቶ ውስጥ ይደር። ጠዋት ቅርፊቱ በጣት ይለቃል። በቢላ መፋቅና በመዶሻ መምታት ሽሮ ሜዳ ወዳለችው እመቤት ችግር ያደርሳል። ከጋኑ ሥር የተጠራቀመውን ደግሞ በእጅ ማውጣት ነው፤ አንዳንዱ ቤት ሙሉ ጣሳ ይወጣል።

እግረ መንገድዎን ከሬዚስታንሱ አጠገብ ያለውን ግራጫ ዘንግ ይዩት። ማግኒዥየም ነው። ጋኑ እንዳይዝግ እሱ በፈንታው የሚበላ ነው። ከመካከሉ ያለው ሽቦ ብቻ ከቀረ ዘንድሮ ይቀየር፣ ካለዚያ የሚቀጥለው ተረኛ ራሱ ጋኑ ነው። ጋን ከበሳ በብየዳ አይድንም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ። ሲመልሱት ጎማውን አዲስ ያድርጉት፣ ሙቀቱንም 60 ዲግሪ ላይ ያቁሙት። ከዚያ በላይ ኖራው ይፈጥናል፣ ከዚያ በታች ጋኑ ውስጥ ባክቴሪያ ይመቸዋል።

*

«ማንችስተር ነው የምኖረው፣ በኪራይ ቤት። የጋዙ ቦይለር ራዲያተሩንም የሻወሩንም ውሃ ያሞቃል። ሰሞኑን የግፊት መለኪያው ከ1 በታች ወርዶ ጠፋ። ውሃ ስጨምርበት ይነሣል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይወርዳል። ከላይ የሚቀዘቅዝ አንድ ራዲያተርም አለ። ሽፋኑን ፈትቼ ልየው?»
ወንድማችሁ፣ ከማንችስተር

ሽፋኑን አትንካው። እዚያ አገር ጋዝ ያለበትን ዕቃ የሚከፍተው «ጋዝ ሴፍ» የተባለው መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው፤ ሲመጣም መታወቂያውን ጠይቀው። ደግሞም ተከራይ ነህ። እ.ኤ.አ. በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ የማሞቂያውና የሙቅ ውሃው ዕቃ ጥገና የአከራይህ ግዴታ ነው፤ የጋዙን ምርመራም በየዓመቱ ማስደረግ አለበት። በጽሑፍ አሳውቀው።

አንተ የምትችለው ይኸው ነው። ቦይለሩን አጥፍተህ ሲቀዘቅዝ፣ በራዲያተሩ ቁልፍ ከጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ አላላት። ‹ሽሽሽ› ብሎ አየሩ ሲያልቅና ውሃ ሲመጣ ዝጋት። አየር ስለወጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከቦይለሩ ሥር ባለችው የተጠለፈች ቱቦ ከ1 እስከ 1.5 ባር ሙላውና ሁለቱንም መዝጊያዎች መዝጋትህን አረጋግጥ።

በሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የራዲያተሮቹን መገናኛ በደረቅ ሶፍት እየጠረግህ ፈትሽ። ምንም ካላገኘህ ቦይለሩ ሲሠራ መለኪያውን ተመልከት። ወደ 3 ተስፈንጥሮ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ ካለችው የመዳብ ቱቦ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ የሚሰፋውን ውሃ የሚቀበለው ጋን አየሩን ጨርሷል ማለት ነው። መንገድ የምታበጅለት ያችው የገርጂዋ ቫልቭ ናት፤ እዚያ በ3 ባር ትከፈታለች። ይህን ለባለሙያው በስልክ ብትነግረው ዕቃውን ይዞ ይመጣል።

በረዶ ሲጥል የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣው የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ በረዶ ሠርቶ ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ አፍስበት፤ የፈላ አይሁን፣ ቱቦው ይሰነጠቃል።

የመጨረሻዋን ለሚስትህም ንገራት። ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ አገር ቤት ሁላችንም ሰምተን አድገናል። በደንብ የማይነድ የጋዝ ቦይለርም ያንኑ ሽታ የሌለውን መርዝ ያወጣል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ቦይለሩ ባለበት ክፍል ማስጠንቀቂያ ደወል ማስገጠም የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ከሌለ ዛሬውኑ ጠይቅ። ደወሉ ከጮኸ፣ ወይም ቤት ስትሆኑ ራሳችሁን እያመማችሁ ስትወጡ የሚተዋችሁ ከሆነ፣ ቦይለሩን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ከውጭ ሆናችሁ 0800 111 999 ደውሉ።