10 በ20 ቦታ ለሁለት ይከፈላል ወይ?

ወንድሜ፣ ደሴ ያለውን የ10 በ20 የውርስ ቦታ ከእህትህ ጋር ስለመካፈል ጠይቀሃል። ካሬው ብቻ አይደለም፣ ወርዱም ይታያል። በቁመቱ ከከፈላችሁት ለየራሳችሁ 5 በ20 ይደርሳችኋል። የግራና የቀኝ ግድግዳ ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ሲቀነስ 4 ሜትር ከ60 ይቀራል። ደረጃ ግባበት ካልከው ቤቱ ኮሪደር ሆነ በለኝ! ፊትና ኋላ 10 በ10 ብትካፈሉ ደግሞ ለኋለኛው መግቢያ ይለቀቃል። 1 ሜትር ተኩል ብቻ ብትሉ እንኳ 15 ካሬ ሄደ። ያውም የጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ድጋፍ ግንቡም መሬት ይበላል፤ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቢሆን ይቀል ነበር። መጀመሪያ ካርታህን ይዘህ ማዘጋጃ ሂድ። በአካባቢ ልማት ፕላኑ (ከተማው ለየሰፈሩ ባወጣው የግንባታ ዕቅድ) ለሰፈራችሁ የተፈቀደውን ትንሹን ስፋትና የፊት ወርድ ጠይቅ። እስከዚያ አጥሩን እንዳትነካው።