ማጽዳት የገደላቸው ዓሦች

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አንድ አባት ለልጆቻቸው 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ገዝተው በቧንቧ ውሃ ሞሉት፤ በዚያው ቀንም ስድስት ጎልድፊሽ ጨመሩበት። በአምስተኛው ቀን ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር፤ ሁለቱ ሞቱ። ሰውየው ውሃውን በሙሉ ደፍተው፣ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ አጥበው እንደገና ሞሉት። በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ሞቱ። «ከዚህ በላይ እንዴት ላጽዳው? ማሞቂያስ ልግዛ ወይ?» ይላሉ።

አብሽሩ፤ ሁለቱ ይተርፋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ማጽዳቱን ግን ይተዉት፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንዱ ወገን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳ ናይትሬት ይለውጠዋል። የሚኖሩት በአብዛኛው ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ እንግዲህ እርሾ ያልገባበት ሊጥ ማለት ነው። እርስዎ ስፖንጁን ክሎሪን ባለበት ውሃ ሲያጥቡት ገና መያዝ የጀመረውን እርሾ ደፉት። በቤትዎ የእርሾ ዕቃ አጥቦ የሚደፋ ሰው ምን እንደሚባል እርስዎም ያውቃሉ።

እርሾው እስኪይዝ በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ባክቴሪያዎቹ ብርድ ላይ ስለሚዘገዩ፣ እኔ ካለሁበት ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ ጊዜው ሊረዝም ይችላል።

አሁን በየቀኑ 20 ሊትር ያህል ብቻ ቀድተው አውጥተው ይተኩ። የሚተካው ውሃ ክዳን በሌለው ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት የቆየ ይሁን፤ ክሎሪኑ የሚለቀው እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውሃ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ ከማንቆርቆሪያ ጥቂት ሙቅ ውሃ ጨምረው እጅዎን በባልዲውም በገንዳውም ውስጥ እየነከሩ ሙቀቱን ያመሳስሉት። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል። ስፖንጁ ውሃ አላሳልፍ ሲል ብቻ፣ ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ግድ የለም፤ እንዲያውም ነጭ ሆኖ ካየሁት እኔ እደነግጣለሁ። ጤነኛ የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት አንድ እፍኝ ጠጠር ይለምኑት፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ገንዳዎ ውስጥ ይግባ። ድፍርሱ በራሱ ጊዜ ይጠራል።

የአየር መንፊያውን ሌሊት አያጥፉት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። መብራት ሲጠፋ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱበት፤ ምግብ አይስጧቸው።

ማሞቂያ ለጎልድፊሽ አያስፈልግም፤ የደሴን ቤት ብርድ ይችሉታል። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚፈልጉት እንደ ጋፒ ያሉት የሞቃት አገር ትናንሽ ዓሦች ናቸው፤ እነሱን ከጎልድፊሽ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ማኖር ግን አንዱን ለማስደሰት ሌላውን ማስጨነቅ ነው።

በሞቱት ምትክ ሌላ አይግዙ። ጎልድፊሽ አድጎ ከስንዝር ሊበልጥ የሚችል፣ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚያቆሽሽ ዓሣ ነው፤ ለ80 ሊትር ስድስት ቀድሞውንም ብዙ ነበር። ለልጆቹ ሁለቱ ይበቃሉ።