መልስ፦ ሲምቦሊክ ስሌት ለሶፍትዌር ምን ይሠራል?

ወንድሜ፣ «ሲምፓይ የካልኩለስ የቤት ሥራ ከመፍታት ውጪ ለፕሮግራመር ምን ይረባዋል?» ብለሃል። በጣም ይረባል። ሲምፓይ ሲምቦሊክ ስሌት የሚሠራ፣ ማለትም በቁጥር ፈንታ በፊደል የሚያሰላ የፓይተን ላይብረሪ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ሒሳብ የሚያካፍል ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሕፃናት አይከፍሉም። ስለዚህ ዋጋው ለ«ሰ − ሕ» ይካፈላል፤ ሰ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ሕ ሕፃናቱ። በ10 እና በ3 ሞከርኩት፣ ሠራ። በ8 እና በ2ም ሠራ። አንድ ቀን 12 ሕፃናት ብቻ ተመዘገቡ። በዜሮ ማካፈል መጣና ፕሮግራሙ ቀጥ አለ።

ይህን ሐሳብ ወደ ኮድ የሚያመጣው ሲምቦሊክ ኤክስኪዩሽን፣ ማለትም ፕሮግራምን በፊደል እያስኬዱ መፈተሽ፣ ቁጥር አይሞክርም። ሰንና ሕን በፊደልነታቸው ይዞ ኮዱን ይከተላል። «ኢፍ» (የ«እንዲህ ከሆነ» ትእዛዝ) ባገኘ ቁጥር መንገዱን ለሁለት ይከፍላል። ከዚያ እንደ ዜድ3 ያለውን ሶልቨር (ሁኔታውን የሚያሟላ ዋጋ የሚፈልግ ፕሮግራም) «ሰ − ሕ ዜሮ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱም «አዎ፣ ሰ = 1፣ ሕ = 1» ይላል። እኔ ከደንበኛ የሰማሁትን ስህተት በሰከንድ ያወጣው ነበር!

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የኮምፒውተር ተመራማሪው ጄምስ ኪንግ በ1976 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ችግሩ የመንገዱ ብዛት ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 10 «ኢፍ»ዎች ብቻ 1024 መንገድ ይወልዳሉ።

ሲምፓይንም አትናቀው። ቀመር ስታሻሽል አሮጌውን ከአዲሱ ቀንሰህ ሲምፕሊፋይ አድርገው (አቅልለው)። ዜሮ ከመጣ፣ በዜሮ ማካፈል ከሚመጣበት ቦታ በቀር ሁለቱ አንድ ናቸው።