የደንበኞች ስልክ ሁሉ 2147483647 ሲሆን

አንድ ጠያቂ ለፋርማሲያቸው ባሠሩት የደንበኞች መመዝገቢያ ውስጥ የብዙ ሰዎች ስልክ 2147483647 ሆኖ እንደሚያገኙት፣ የቀሩትም የፊቷን ዜሮ አጥተው በ9 እንደሚጀምሩ ገልጸው፣ ቫይረስ ይሁን ወይስ ሠራተኛ ሆን ብሎ ያበላሸው ሲሉ ጠይቀዋል።

ቫይረስም ተንኮልም አይደለም። ይህን ቁጥር ሳይ ሌላ ሳልጠይቅ ስልክ የሚቀመጥበት ዓምድ «ኢንት» በተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት እንደተሠራ እገምታለሁ። ኢንት 32 ቢት (እያንዳንዱ 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) አለው፤ አንዱ ቢት ቁጥሩ ፖዘቲቭ ወይም ነጌቲቭ መሆኑን ሲለይ፣ የቀሩት 31ዱ መጠኑን ይይዛሉ። ከ1 ተነሥተው 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ እስከ 1073741824 ድረስ ያሉትን 31 ቁጥሮች ቢደምሩ የሚያገኙት በትክክል 2147483647 ነው። ከ251 ጋር የተጻፈ ስልክ ደግሞ እንደ ቁጥር ሲነበብ ከ251 ቢሊዮን ስለሚበልጥ፣ ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም «ስትሪክት ሞድ» የሚባለው ጥብቅ ቁጥጥሩ በጠፋበት ጊዜ መዝገቡን አልቀበልም ከማለት ይልቅ ዓምዱ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር አስቀምጦ ያልፋል። በ09 የሚጀምረው ግን 900 ሚሊዮን ቤት ውስጥ ስለሚውል ይገባል፤ ከፊት ያለች ዜሮ በቁጥር ዋጋ ስለሌላት ብቻ ትጠፋለች።

ይህ ቁጥር «ብቸኛ ቁጥር» (ፕራይም)፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ መሆኑን የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ካሬ ሥሩ 46341 ስለማይሞላ ከዚያ በላይ አካፋይ መፈለግ አላስፈለገውም። የኢንት ጣሪያ፣ ማለትም የሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ የሆነበት ምክንያት ግን ብቸኛ ቁጥርነቱ አይደለም፤ የኢንት ታላቅ ወንድም የሆነው ባለ 64 ቢት የሙሉ ቁጥር ዓይነት የ«ቢግኢንት» ጣሪያ 9223372036854775807 ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ሆኖም ጣሪያነቱን አልተወም።

ወደ ቢግኢንት ይቀይሩ የሚልዎትን አይስሙ፤ ዜሮዋ እንደገና ትጠፋለች። ስልክ የማይደመርና የማይባዛ ስለሆነ ቦታው የጽሑፍ ዓምድ ነው። በመጀመሪያ የመረጃ ቋቱን ሙሉ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ዓምዱን እስከ 20 ፊደል ወይም አኃዝ ወደሚይዘው የጽሑፍ ዓይነት፣ ወደ «ቫርቻር» 20፣ ይለውጡ፣ ባለ 9 አኃዝ ሆነው በ9 ወይም በ7 ለሚጀምሩት ከፊት 0 ይጨምሩ፣ 2147483647 የሆኑትን ደግሞ ባዶ ያድርጓቸው። የእነዚህ ትክክለኛ ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ የትም ስለሌለ፣ ከወረቀት መዝገብዎ ወይም ከደንበኞቹ ከራሳቸው እንደገና መሰብሰብ ግድ ይላል። ጥብቅ ቁጥጥሩንም ያብሩ።

በዚያው እጅዎ ቀንና ሰዓት የሚመዘግቡትን የ«ታይምስታምፕ» ዓምዶች ይመልከቱ። ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የሚቆጠሩት ሴኮንዶች እዚሁ ጣሪያ ላይ የሚደርሱት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው። ከዚያ የሚያልፍ ቀን የሚመዘግቡ ከሆነ ዓምዱን አሁኑኑ ይህ ጣሪያ ወደሌለበት የቀንና የሰዓት ዓይነት፣ ወደ «ዴትታይም»፣ ይለውጡት።