በመጨረሻዋ ሰከንድ መጫረት ነውር ነው?

ወንድሜ፣ ቶፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣውን፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበትን የቤዝቦል ካርድ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ጨረታው ሊዘጋ አራት ሰከንድ ሲቀረው ነጠቁኝ፣ ይሄ ነውር አይደለም ወይ ብለሃል። ያናድዳል እንጂ ነውር አይደለም፤ ኢቤይ ራሱ ይፈቅደዋል።

የመጨረሻ ዋጋህን ቀድመህ ብታስገባ፣ ሲስተሙ ሌላውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ እያነሳ ይጫረትልሃል። ልክህ 300 ዶላር ሆኖ ሌላው 180 ላይ ካቆመ፣ የምትከፍለው ከ180 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ አሥር አሥር ዶላር ስትጨምር ጉጉትህን ለሁሉም አሳየህ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ማዕዘኑ የተላጠ ካርድ በእልህ በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሳየው ያስቀኛል።

ትልልቅ አጫራቾች ዘንድ መጨረሻ ላይ ዋጋ ከገባ ሰዓቱ ይራዘማል። ገዢው ላይም ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ገደማ ኮሚሽን ይጨመራል፤ እሱን ቀንሰህ ተጫረት።

ጓደኛህ የሚጓጓላትን አንዲት ካርድ በራስህ ፈቃድ ብትተውለት ደግ ነው። ዋጋ ለማውረድ ተመካክሮ አለመጫረት ግን አሜሪካ ውስጥ በሕግ ያስጠይቃል። ሻጩ በዘመዱ አካውንት እየተጫረተ የራሱን ካርድ ዋጋ ሲያንር ካየህ ደግሞ ሪፖርት አድርግ። ነውሩ እሱ ነው።