«አልሰማሁም ነበር»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የትዳርና የቤት ኪራይ ጉዳይ ስለሚበዛበት የእኔ ነገር ቦታ ያገኝ ይሆን ብዬ ብዙ አመነታሁ።

31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በ11 ዓመቴ ማጅራት ገትር ይዞኝ ነበር። እኔ ተረፍኩ፣ ጆሮዬ ግን አልተረፈም። መናገር እችላለሁ፤ ድምፄ ትንሽ ለየት ይላል እንጂ። ከንፈርም አነባለሁ። የምልክት ቋንቋ የተማርኩት ከሕመሙ በኋላ ነው።

ከሥራው ጋር ችግር የለብኝም። ደመወዜ ከሌሎቹ አያንስም፣ አለቃዬም ያከብረኛል። እንዲያውም ባለፈው ኅዳር 24፣ በዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ መድረክ ላይ አውጥተው አበባ ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሰው አጨበጨበ፣ አንዳንዱም እንባውን ጠረገ። አስተርጓሚ አልነበረም። ስለ እኔ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሚከብደኝ ቡናው ነው። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ቢሯችን ቡና ይፈላል። ሁሉም ተራ አለው፤ አንዱ ቡናውን፣ አንዱ ስኳሩን፣ አንዱ ፈንዲሻውን ያመጣል። እኔ ተራ የለኝም። «አንቺ ተይው» ይሉኛል። በፍቅር ነው የሚሉት። እቁብም አላቸው። ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው «እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው» አሉኝ። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። ምን ተባለ ብዬ ስጠይቅ «ኋላ እነግርሻለሁ» ነው፣ አለዚያም «የማይረባ ነገር ነው»። የማይረባውንም ቢሆን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ለመጻፍ ያስገደደኝ ነገር የደረሰው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ለሦስት ቀን ጠፋች። አንድ ከሰዓት ደግሞ ሁሉም ተነስተው በሰርቪስ ሄዱ። ስብሰባ መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ልጅቷ ስትመለስ «አመመሽ እንዴ?» ብዬ በስልኬ ጻፍኩላት። «እናቴ አረፈች» ብላ መለሰችልኝ። ለካ የቢሮው ቴሌግራም ላይ በድምፅ መልእክት ተነግሮ ኖሯል። እሷም የሰማሁ መስሏት፣ ሳልመጣ በመቅረቴ አዝናብኝ ነበር። ሰው ለቅሶ ሲዘገይ «አልሰማሁም ነበር» ይላል። እኔ ይህን ቃል ስናገር ምን እንደሚመስል አስቡት። ምንም ሳልላት ቀረሁ። እስካሁንም ቤቷ አልሄድኩም።

መስማት የተሳናቸው ጓደኞቼ «ልቀቂና እኛ ጋ ነይ» ይሉኛል። ልልቀቅ? ወይስ አብዝቼ ነው የምጠብቀው?

ተራ የሌላት፣ ከአዲስ አበባ

—

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት አፍሬ ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቦታ መስማት የተሳነው የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ሁላችንም እንወደው ነበር። ስንስቅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ በእጁ «ምንድን ነው?» ይለኛል። «ቆይ» እለዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ «ቆይ» አልኩት።

ስለዚህ አብዝተሽ አልጠበቅሽም።

እኔን ከሳቁ ይልቅ ያስደነገጠኝ «አንቺ ተይው» የሚሉሽ ነገር ነው። እስቲ አስቢው፣ እኛ ዘንድ ከሰው ጋር መሆን ማለት ማዋጣት ነው። እድር ካልከፈልሽ የእድሩ ሰው አይደለሽም። የቡናው ተራ ካልደረሰሽ እንግዳ ነሽ፣ ሦስት ዓመትም ቢሞላሽ። እንግዳ ይከበራል፣ ጥሩው ስኒ ይሰጠዋል፣ መድረክ ላይ አበባም ይሰጠዋል። ለቅሶ ግን አይጠራም። አንቺ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እንግዲህ «ለምን ትተዉኛላችሁ» ብለሽ አትጀምሪ። «የእኔ ተራ መቼ ነው?» በያቸው። ከዚያም የተሻለ አለ፤ ምንም ሳትጠይቂ በሚቀጥለው አርብ ቡናውን ራስሽ ይዘሽ ግቢ። «ተይው» ቢሉሽ አልሰማሽም! እቁቡንም ዙሩ ሲያልቅ «ስሜን ጻፉ» በይ። የእቁብ ዕጣ ጆሮ አይፈልግም፣ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ጸሐፊ ሁኚ ይሉሽ ይሆናል። ደስ ካለሽ ያዢው፤ ብቻ የአሥር ሰው ሒሳብ በነፃ እንዳያሠሩሽ።

ባልደረቦችሽ አንድ የማያውቁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ከንፈር ስለምታነቢ ሁሉን የያዝሽ ይመስላቸዋል። መስታወት ፊት ቆመው «በላ» እና «መላ» ይበሉ፤ ከንፈሩ አንድ ነው። «ከ»፣ «ቀ» እና «ገ» ደግሞ ከአፍ ጀርባ ስለሚወጡ ከንፈር ላይ አይለዩም። አንድ ሰው ፊት ለፊትሽ ሲያወራ ግማሹን በግምት ትሞይዋለሽ። ስድስት ሰው እየተሻማ፣ ያውም ስኒ አፉ ላይ ደቅኖ ሲያወራ፣ ማንም አይችልም። ይህን በመስታወቱ ጨዋታ አሳዪያቸው፤ ከወቀሳ ይልቅ ይገባቸዋል። አንቺም ስትቀመጪ መስኮቱን ከኋላሽ አድርጊ፣ ብርሃኑ የእነሱ ፊት ላይ ይረፍ።

«ኋላ» የሚሉትን ለማስቀረት ከሁሉም ጋር መታገል አያስፈልግሽም። አንድ ሰው ይበቃሻል። ማን እንደሆነች እመለስበታለሁ። ከእሷ የምትፈልጊው ሁለት ሦስት ቃል ነው፣ ስልኳ ላይ፣ እዚያው፦ «ስለ ኪራይ ነው»፣ «አለቃን እያሙ ነው»። ዝርዝሩ ቢቀር ይቅር። ሳቁ ሳይበርድ ይድረስሽ።

ደግሞ ስም አውጪላቸው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚቀርቡት ሰው የምልክት ስም እንደሚያወጡለት ስንቱ ሰሚ ያውቃል? በፀጉሩ፣ በጠባዩ፣ በፈገግታው። አንዱን ጠርተሽ «ያንተ ስም እንዲህ ነው» ብለሽ አሳዪው፤ የቀሩት «የእኔስ?» ብለው ይሰለፋሉ። እኔም ብሆን እሰለፋለሁ። ከስም በኋላ የጣት ፊደሉ ይከተላል። ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ሰው አሠራሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፣ ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሁሉም እንዲያጠና አትጠብቂ። የራሳቸውን ስም ከቻሉ ለዚህ ዓመት ይበቃል።

የቴሌግራሙ ነገር አጭር ነው። ሞት፣ ሠርግና ስብሰባ በጽሑፍ ይለጠፍ በይ። የድምፅ መልእክት ለሐሜት ይሁን።

ሕግ የሚገባበት ቦታም አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያሟላ፣ ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስችል ረዳትም እንዲመድብ ያዝዛል። የሠራተኛ ስብሰባ ሥራ ነው። ስለዚህ ለስብሰባና ለሥልጠና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብልሽ ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂውንም ያዢ። ይኸው አዋጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሠራተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ መመሥረት እንደሚችል ይናገራል። እዚያ እንድትደርሺ አልመኝልሽም። ማመልከቻሽን የሚቀበለው ሰው ግን ቢያውቀው አይከፋም። በዚያው የሥራ አስኪያጁን ንግግር በጽሑፍ ጠይቂ። ስለ አንቺ የተባለ ነገር ነው፣ አንብቢው። ከተጋነነም ትስቂበታለሽ።

ለቡናው ግን አዋጅ የለውም።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ለስድስት ወር እሞክረው ነበር። በራስ ቋንቋ እያወሩ ምሳ መብላት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ከእኔ ይልቅ ጓደኞችሽ ያውቁታል፤ ምክራቸውን አላጣጥልም። ቅዳሜሽን ከእነሱ ጋር አሳልፊ። ተራሽን ይዘሽ፣ እቁብሽን ጥለሽ፣ አሁንም እንግዳ ከሆንሽባቸው ልቀቂ። ማንም አይፈርድብሽም።

አሁን ወደዚያች አንድ ሰው ልመለስ። እሷ ፊት ለፊትሽ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ሳትመጪ በመቅረትሽ አዝናብሽ ነበር ብለሻል። ልብ በይ፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ አንቺን የጠበቀች እሷ ብቻ ናት። እንግዳ ቢቀር ማን ያዝናል?

የእናቷ አርባ ገና ነው፤ አልረፈደም። ዛሬ ከሥራ ስትወጪ ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ቡናና ስኳር ይበቃል። ስትደርሺ ሁሉም ሰው የሚለውን በያት፦ «አልሰማሁም ነበር»። ሌላው ሰው ሲለው ግማሹ ሰበብ ነው። ካንቺ አፍ ሲወጣ ሁለታችሁም ሳቅ ይይዛችሁ ይሆናል፤ በለቅሶ ቤትም ያጋጥማል፣ አትደንግጪ። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ በይ። ለቅሶ ቤት ብዙ አይወራም።